ከሞተሩ ሥር ያለው ድስት

የዚህ ወር ወሬዬ ስለ ምግብ አይደለም። ስለ መኪና ነው፤ ያውም ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያየው ስለ አንዱ። ምግብ ቤት ያለው ሰው ስለ ሞተር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ቤታችሁ ውስጥ 20 ዓመት ያለፈው ልጅ ካለ፣ ጋራዡን ይዞባችሁ መኪናችሁ ውጭ በረዶ ለብሳ የምታድር ከሆነ ግን ነገሩ ይገባችኋል።

የእኔ ልጅ 22 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በራሱ ገንዘብ አንዲት የ1995 ኒሳን 240 ኤስኤክስ ገዛ። መኪናዋ ስትሠራ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር ነበራት። እሱን አወጣና በምትኩ ከሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ፒካፕ የተፈታ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5.3 ሊትር ሞተር ሊያስገባላት ተነሣ። አልበርታ የፒካፕ አገር ስለሆነ ይህ ሞተር በየአሮጌ መኪና መፍቻው እንደ ልብ ይገኛል። ኤል ኤስ ከሚባለው የጂ ኤም ሞተር ቤተሰብ ነው፤ በ1997 በኮርቬት ላይ ብቅ ካለ ወዲህ እዚህ አህጉር ላይ ወጣቱ የማይገጥመው መኪና የለም። እናቱ መጀመሪያ ቀን ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ስታየው አማተበች።

ገንዘብ አልጠየቀንም ነበር። አንድ ማታ ግን ምግብ ቤቱን ስንዘጋ ቆይቶ፣ ወንበር እየገለበጠ፣ «አባ፣ ለኦይል ፓን የሚሆን ትንሽ አበድረኝ» አለኝ።

«ከሞተሩ ጋር አልመጣም እንዴ?»

«መጥቷል። ግን አይሆንም።»

ያቺን «አይሆንም» እስክረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ደስ ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው።

ኦይል ፓን ማለት ከሞተሩ ሥር በቡሎን የታሰረ ድስት ነው። የሞተሩ ዘይት እዚያ ይጠራቀማል። ከድስቱ ወለል ትንሽ ከፍ ብላ የምትቆም መምጠጫ ቱቦ አለች፤ የዘይቱ ፓምፕ በእሷ በኩል ስቦ ወደ ላይ ይልካል፣ ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። በቃ ይኸው ነው። በተራ መኪና ዕድሜ ልካችሁን ስለዚህ ዕቃ ሳታስቡ ትኖራላችሁ፤ ፋብሪካው አስቦላችኋል።

ኃይሉ ሲጨመርና መኪናዋ ዝቅ ስትል ነው ጣጣው የሚጀምረው። ወጥ ቤት ገብታችሁ ሰፊ መጥበሻ ላይ ሁለት ጣት ዘይት አድርጉና መጥበሻውን በድንገት ወደ ግራ ሳቡት። ዘይቱ ቀኝ ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ ግራው ባዶ ይቀራል። መኪና በኃይል ሲታጠፍ ድስቱ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የማጠፊያው ግፊት ከመሬት ስበት ጋር እኩል ሲሆን የዘይቱ ፊት 45 ዲግሪ ይዘነበላል፤ ጥሩ የእሽቅድምድም ጎማ ያሰረ መኪና ደግሞ እዚያ አካባቢ ይደርሳል። ያን ጊዜ መምጠጫዋ ከዘይት ወጥታ አየር ትስባለች።

አየር ብትስብ ምን አለበት? ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ዙር ነው። ቢየላው ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁለቱን ብረቶች የሚለያያቸው የዘይት ሽፋን ብቻ ነው፤ ክፍተቱም ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከራስ ፀጉር የሳሳ። ያ ሽፋን ለአንዲት ሁለት ሰከንድ ሲጠፋ ብረት ብረትን ይነካል። ብሮንዚኑ ይላጫል፣ ከዚያ ማንኳኳት ይመጣል፣ ከዚያ ቢየላው የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። የልጁ የሁለት ዓመት ደመወዝ በአንድ ኩርባ አለቀ ማለት ነው። ዘይቱ መንገዱ ላይ ፈስሶ የኋላ ጎማው ሥር ቢገባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማሰብ አልፈልግም።

እንግዲህ ልጄ ሦስት ምርጫ ይዞ መጣ።

የመጀመሪያው ከፒካፑ ጋር የመጣው ድስት ነው። ነፃ ነው፣ ወደ 5.7 ሊትር ዘይት ይይዛል፣ ለጭነት መኪና ግሩም ነው። ግን ጥልቅ ነው። ፒካፕ ከመሬት ከፍ ስለሚል ድስቱ ወደ ታች ቢንጠለጠል ማንም አይነካውም፤ ሞላዋ ተቀይሮ ዝቅ ያለችው ኒሳን ሥር ግን ከሁሉ ነገር ቀድሞ መሬት የሚደርስ እሱ ይሆናል። እስቲ አስቡት በካልጋሪ ክረምት። መንደር ውስጥ በረዶው በጎማ ተረግጦ ሁለት ቦይ ይሠራል፣ መሐሉ ላይ ጀርባ ይቀራል። ቺኑክ ነፍሶ ያቀልጠዋል፣ በማግስቱ ውርጩ መልሶ ድንጋይ ያደርገዋል። ያ የበረዶ ጀርባ ድስቱን ቢመታው የሚሰነጠቀው የተቀለጠ አሉሚኒየም ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ የምንላቸውን ደንበኛችንን ላምጣቸው። አዲስ አበባ ረጅም ዘመን ጋራዥ የሠሩ፣ ሶማሌ ተራን እንደ ጓዳቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ። ልጁን ከስልኩ ላይ ፎቶ እያሳያቸው ሲያብራራ አገኘኋቸው። «የእኛ ዘመን ድስት ከላሜራ ነው» አሉ። «ድንጋይ ይመታዋል፣ ይጎረብጣል፣ ትፈታዋለህ፣ በመዶሻ አቃንተህ ትበይደውና መንገድህን ትቀጥላለህ። አሉሚኒየሙ ግን ዘይት ከጠጣ በኋላ ብየዳ እሺ አይልም።» ከዚያ ደግሞ የላሜራውን ጉድ ጨመሩ፦ ወደ ውስጥ ሲጎረብጥ መምጠጫዋን ከታች ይደፍናታል፤ ውጭውን ያየ ሰው «ትንሽ ተጫነ እንጂ አልተበሳም» ብሎ ይነዳና ሞተሩን ይጨርሳል። ወሎ መንገድ ላይ በድንጋይ የተበሳ ሰልቫትዮ በሳሙና ደፍነው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱም ነገሩን፤ እሱን ለሌላ ወር ላቆየው።

ሁለተኛው ምርጫ ከ1998 እስከ 2002 በተሠሩት ካማሮዎች ላይ የነበረው ድስት ነው። ከፒካፑ በጣም ያጥራል። ሞተር የሚቀይሩ ወጣቶች ለብዙ ዓመት ሲሻሙበት ስለኖሩ አሮጌውም ርካሽ አይደለም። ሦስተኛው ሆሊንና መሰሎቹን የመሳሰሉ የዕቃ አምራቾች ለዚሁ ሥራ ብለው የሠሩት አዲስ ድስት ነው፤ ከፊት በኩል ቀጭን ሆኖ ከሞተሩ ሥር የሚያልፈውን የመኪናዋን ተሸካሚ ብረት ያልፍና ከኋላ ይጠልቃል፤ ውስጡ መከፋፈያ ግድግዳ አለው። እላዩ ላይ በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች ማስገባት ይቻላል። ዘይቱ ወደ መምጠጫዋ ሲሮጥ በሩ ይከፈታል፣ ሊሸሽ ሲል ይዘጋበታል። እኔ ይህን ሳይ የበግ በረት መሰለኝ፤ ልጁ ሳቀብኝ፣ ግን ልክ ነው አለ።

ዋጋቸው እንደ አነጋገራቸው ቅደም ተከተል ነው፦ ነፃ፣ ውድ፣ በጣም ውድ።

ጋሼ ቡናቸውን አስቀምጠው ልጁን አንድ ነገር ጠየቁት። «መኪናዋን የት ነው የምትነዳት?»

ልጁ ዝም አለ። እኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ። ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የድስት ብቻ አይደለም። እናቱ ሌሊት ሌሊት ከዲርፉት መንገድ በኩል የሞተር ጩኸት በሰማች ቁጥር የምትነሣው ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

ሽማግሌው የጠየቁት ግን ለሥራው ነበር። መኪናዋ ቀጥታ መስመር ላይ ብቻ የምትሮጥ ከሆነ፣ ስትነሣ ዘይቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከኋላ የጠለቀ ድስት ይበቃታል፤ ችግሯ ፍሬን ስትይዝ ነው። የምትጠማዘዝ ከሆነ ግራና ቀኙ መታሰብ አለበት። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ለብዙ ሰከንድ ባንድ ጎን ተጭኖ ይቆያል፤ ያን ጊዜ በር ያለው ግድግዳ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ለሚሄድ ሰው ድስቱን ጭራሽ የሚተው ዘዴ አለ፦ ዘይቱን በሌላ ገንዳ አስቀምጦ በብዙ ፓምፕ ማመላለስ፣ ድራይ ሰምፕ የሚሉት። ፖርሽ 911 ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ነው የተሠራው፤ የ2006ቱ ኮርቬት ዚ06ም እንዲሁ። ለእኛ ልጅ ግን ያ ሠርግ ለመደገስ ያህል ገንዘብ ነው፤ እሱን ወዲያው አለፍነው።

ልጁ በመጨረሻ መለሰ። በኮን የታጠረ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ የሚደረገውን ውድድርና ካርስቴርስ አጠገብ ያለውን የሮኪ ማውንቴን ሞተርስፖርትስ ሜዳ ጠራ። ካልጋሪ ራሷ ደቡብ ምሥራቅ ውስጥ ሬስ ሲቲ የሚባል ሜዳ ነበራት፤ ቦታው የከተማው ነበር፣ በ2011 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እዚህ ላደጉ ልጆች ብዙ ዘመን በአቅራቢያቸው ሕጋዊ ሜዳ አልነበራቸውም። እኔ ይህን ወቀሳ አድርጌ አልናገረውም፤ ግን ልጆቻችን ለምን መንገድ ላይ ይጋልባሉ ብለን ስንቆጣ ይህም ይታሰብ።

ስለዚህ ብድሩን ሰጠሁት። ሦስተኛውን ገዛ፣ በሩንም ጨመረበት። ቃል ያስገባሁት አንድ ነው፦ ይህ ድስት የተገዛው ለሜዳ ነው፣ መንገድ ላይ እንደ ሰው ይነዳል። ሁለተኛ ደግሞ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ ሞተሩ መቀየሩን ተናገረ። ዋጋው ጨመረ፣ አዎ። የተቀየረ መኪናን ደብቃችሁ አደጋ ቢደርስ ግን ኩባንያው አልከፍልም ሊል እንደሚችል እወቁት፤ መኪናው በእናንተ ስም ከሆነ ደግሞ ጣጣው እናንተ ዘንድ ይመጣል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ ድስቱን ከገዛ በኋላ የሚመጡትን ጥቃቅን ነገሮች ጠይቁት፤ ገንዘቡን የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ድስቱ ሲለወጥ መምጠጫ ቱቦዋ፣ ክራንኩ ዘይቱን እንዳይገርፈው የሚከልለው ቆርቆሮ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሁሉ ከአዲሱ ድስት ጋር መስማማት አለባቸው። መምጠጫዋ ከወለሉ በጣም ከራቀች አየር ትስባለች፣ በጣም ከተጠጋች ደግሞ ዘይት አይገባላትም። በመካከሉ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ነው ደኅና የሚባለው። ታዲያ ድስቱ ከተዘጋ በኋላ ይህን በምን ታዩታላችሁ? ልጁ የሕፃናት መጫወቻ ጭቃ ወለሉ ላይ ጠፍጥፎ ድስቱን ገጠመና መልሶ ፈታው። መምጠጫዋ ጭቃው ላይ ምልክት ትታለች፤ የቀረውን ውፍረት በመለኪያ አነበበ። እኔ የእንጀራ ሊጥ ብሰጠውስ ብዬ ነበር። እምቢ አለኝ።

በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች፤ መምጠጫ ቱቦዋ ፓምፑ ውስጥ የምትገባበት ቦታ ላይ የምትቀመጥ። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። አሮጌዋን መልሶ ያስገባ፣ ወይም ሲገጥም የቆነጠጣት፣ የዓለምን ውድ ድስት ቢያስርም አየር ይስባል። በዚህ ሞተር ዙሪያ የሠራ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህችን ቀለበት ነው። ሌላው፣ የዚህ ሞተር ድስት ዘይት መያዣ ብቻ ሳይሆን ከካምቢዮው ጋርም በቡሎን ይያያዛል፤ ስለዚህ የኋላ ጠርዙ ከሞተሩ ጠርዝ ጋር እኩል መሆኑን በቀጥ ያለ ብረት ሳያዩ ማጥበቅ አይገባም። ትልልቆቹ ቡሎኖች 25 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቁት፤ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ማሸጊያ ይቀባ።

ዘይት ማብዛትም መላ አይደለም። ወጥ ላይ ቅቤ ሲበዛ ያስተዋለ ሰው ይገባዋል። ከመጠን ሲያልፍ ክራንኩ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ ፓምፑ ደግሞ አረፋ መግፋት አይችልም። ትልቅ ድስት ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ለካልጋሪ ጥር ግን ያ ሁሉ ዘይት እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ቅቤ ከዜሮ በታች 30 ሲሆን አይታችሁታል አይደል? ወፍራም ዘይትም ወደዚያው ነው የሚሄደው። ስለዚህ በክረምት የሚነዳት ከሆነ 0 ደብልዩ ከሚለው ወገን የሆነ ዘይት፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ ማታ ማታ በኤሌክትሪክ የሚሰካ ማሞቂያ ያስፈልጋል። የአልበርታ ፒካፕ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያው ተገጥሞለት ነው የሚመጣው። ድስቱ ላይ የሚለጠፍም ማሞቂያ አለ፤ ማግኔት ያለው ግን አሉሚኒየም ላይ አይያዝም፣ ሳታዩ እንዳትገዙ። በክረምት ለአምስት ደቂቃ እያስነሡ መልሶ ማጥፋትም ጥሩ አይደለም፤ በውስጡ የሚፈጠረው ውኃ ሳይተን ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ ውርጭ ሲበረታ ይጋገራል። የእኛው ልጅ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ጭራሽ አያስነሣትም።

አንድ ነገር ግን ሳልቆጣ አላልፍም። ድስቱን ለማውጣት ሞተሩ ከፍ መደረግ አለበት፣ ልጁም መኪናዋ ሥር መተኛት አለበት። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥታ ማንም ከሥሯ አይግባ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ከሥር የሚቆሙት የብረት እግሮች አራቱ ሲገዙ ከአንድ የቤተሰብ ምሳ ብዙ አይበልጡም፤ ልጃችሁ ከሌለው ለልደቱ ግዙለት። ጋራዡ ተዘግቶ ሞተር አይነሣ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። እኔ ማታ ወደ ቤት ስገባ ሁለቱን ሳላይ አልተኛም።

በማኅበራችን ውስጥ ልጅ ጥቁር ዘይት ነክቶ ሲመጣ ፊታችን የሚጠቁር ብዙዎች ነን። አንድ እናት እኔ ፊት «እኛ እዚህ የመጣነው ልጃችን መካኒክ እንዲሆን ነው?» ብላለች። እኔ በዚህ አልስማማም። አልበርታ ውስጥ የመኪና ጥገና ሙያ የአራት ዓመት ሥልጠና ነው፤ እየሠሩ፣ እየተከፈላቸው የሚማሩት፣ ሬድ ሲል የሚባለው በመላው ካናዳ የሚያሠራ ማረጋገጫ ያለው። ትምህርቱ እዚሁ ሴት በሚባለው ኮሌጅ ይሰጣል። ልጄ ሲመዘገብ እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት። ያቺን ጭቃ ጠፍጥፎ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲያነብ ያየሁ ዕለት ነው ልቤ የወሰነው።

ሞተሩ የተነሣው ባለፈው ወር ነው። መጀመሪያ ቤንዚኑ እንዳይሄድ ፊውዙን ነቀለ፣ ሞተሩን በባትሪ ብቻ አዞረው፤ ዘይቱ ሁሉም ቦታ ሳይደርስ እሳት እንዳይነሣ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ካለችው ቀይ መብራት ሌላ የዘይት ግፊት የሚያሳይ መለኪያ ገጥሟል፤ ቀይዋ መብራት የምትበራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ። ጋሼ ወንበር ይዘው ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠዋል። መርፌዋ ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ብድግ አለች። ፊውዙን መለሰው፣ ሞተሩ ተነሣ፤ ጎረቤቶቻችን በመስኮት ብቅ አሉ። ልጁ ኮፈኑን ትቶ መኪናዋ ሥር በባትሪ መብራት ያይ ነበር። ጠብታ የለም። ለአንድ ሺህ ዙር ቢያንስ 10 ፒ ኤስ አይ ይያዝ የሚል የቆየ የመካኒኮች ልማድ አለ፤ ከዚያ በላይ ይዟል።

በሰኔ ወደ ካርስቴርስ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ዘይቱን አውጥቶ ፊልተሩን በመቀስ እቀደዋለሁ ብሏል፤ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ብሮንዚኑ ተነክቷል ማለት ነው። እናቱ «እኔም እመጣለሁ» አለች። ለምን አልኳት። «ብድሩ እኮ ከእኔም ኪስ ነው የወጣው፤ ድስቴን ላየው» አለችኝ። ዳቦና ቆሎ ይዛ ትሄዳለች። የዚያን ዕለት ምግብ ቤቱ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ።